ምስክርነት መዝሙር ሲሆን፦ ለጀማሪ ግጥም ጸሐፊዎች

ብዙ ሰው ሕይወቱ ተለውጦ መዝሙር ይጽፋል። መዝሙሩን ስትሰሙት ግን ለውጡ አይታይም።

በቤተ ክርስቲያናችን የመዝሙር ክፍል ግጥም የማየው እኔ ነኝ። ቀን ቀን ጨርቆስ ልብስ እሰፋለሁ። ስለዚህ ልጆቹ ግጥማቸውን ይዘው የሚመጡት ሱቄ ድረስ ነው። አንዱ ስልኩ ላይ ቀድቶ ያሰማኛል፤ አንዷ ከደብተር ገንጥላ ታመጣለች። ከማሽኑ ሳልነሳ እሰማለሁ። አብዛኛው ተመሳሳይ ነው። በጨለማ ነበርኩ፣ ብርሃን አየሁ። ጭቃ ውስጥ ነበርኩ፣ አወጣኸኝ። ጠፍቼ ነበር፣ ተገኘሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ ሁሉም መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። የጸሐፊውን ስም አጥፍታችሁ የሌላ ሰው ብትጽፉበት ማንም አይነቃም።

እዚህ የምጽፈው እነዚያን ልጆች ዱካ ላይ አስቀምጬ የምነግራቸውን ነው። የሙዚቃ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ኳየር ውስጥ ስላደግሁ የማውቀውን ያህል ነው የማውቀው።

እጃችሁ ምን ያደርግ ነበር?

"ተለወጥኩ" የሚለውን ቃል ለጊዜው ወዲያ አስቀምጡት። "አዲስ ፍጥረት"ንም እንዲሁ። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ጌታን ከማወቃችሁ በፊት እጃችሁ ያደርገው የነበረ፣ ዛሬ ግን የማያደርገው ነገር ምንድን ነው? እጅ ካልሆነ እግር፣ እግር ካልሆነ ምላስ። ልብ አላልኩም። ስለ ልብ ስትጽፉ ወዲያው ከሌላ መዝሙር መዋስ ትጀምራላችሁ።

አንድ ልጅ ነበር፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ በሚመላለስ ሚኒባስ ላይ ረዳት የሆነ። ወያላ ማለት ነው፤ እሱ ራሱ እንደዚያ ነው የሚለው። ጌታን ተቀብሎ ብዙም ሳይቆይ ግጥም ይዞልኝ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች እንዲህ ይሉ ነበር፦

በኃጢአት ባሕር ውስጥ፣ ሰጥሜ ሳለሁ፣
ጌታ እጁን ዘርግቶ፣ አወጣኝ ዳንኩ አለሁ።

"ባሕር አይተህ ታውቃለህ?" አልኩት።

"አላውቅም እትዬ። ላንጋኖ ግን ሄጃለሁ።"

"ታዲያ ያንተ ኃጢአት የት ነበር የሚኖረው?"

ዝም አለ። ከዚያ ሳቅ አለና "ኪሴ ውስጥ" አለኝ።

ታክሲ የተሳፈረ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ተሳፋሪው ብር ይሰጣል። ረዳቱ "ዝርዝር የለም፣ ቆይ እሰጥሃለሁ" ይላል። መውረጃው ይደርሳል። የሚሟገት ይሟገታል፤ የሚያፍረው ወይም የሚቸኩለው ትቶት ይወርዳል። ልጁ ከማን ላይ መልስ ማስቀረት እንደሚቻል በደንብ ያውቅ ነበር። ተማሪዎችና አሮጊቶች አይናገሩትም። ከዳነ በኋላ አንድ ቀን አንዲት እማማ ሁለት ብር ሳይቀበሉ ወረዱ። ልማዱ ሆኖ ዝም ብሎ ነበር፤ ግን አልቻለም። ዘሎ ወርዶ ከኋላቸው ሮጠ። ሹፌሩ ጥሩምባው ላይ ተኝቶበት፣ ተሳፋሪው እየጮኸበት፣ ሁለት ብሯን ሰጥቶ ተመለሰ።

"ይሄን ለምን አልጻፍከውም?" አልኩት።

"ይሄማ ትንሽ ነገር ነው" አለኝ።

መዝሙሩ ያለው እዚያ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ዘኬዎስ ቆሞ የሚናገረውን አስታውሱ። "ልቤ ታደሰ" አላለም። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ያታለለውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ቀራጭ ነበርና ለውጡም በቀራጭ ቋንቋ መጣ። ኢየሱስ "ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል" ያለው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። የእናንተም ለውጥ በሥራችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በምታውቁት ዕቃ ይምጣ። ዳቦ ቤት የምትሠራ ልጅ ስለ ሚዛን ትጻፍ። ነርስ ከሆናችሁ ስለ ሌሊት ተራ ጻፉ።

"እኔ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያደግሁት፣ የምናገረው ኃጢአት የለኝም" የሚሉም አሉ። እሺ። እንግዲያው ስለ ሌላ ዓይነት ለውጥ ጻፉ። በልጅነታችሁ ጸሎት ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስለ ምን ታስቡ ነበር? ዛሬስ? እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ቀስ ያለ ስለሆነ መጻፉ ይከብዳል። ሲጻፍ ግን ከብዙ የሱሰኝነት ታሪክ ይልቅ ሰውን ያሳስባል። ኃጢአት ፈልጋችሁ አትፍጠሩ ብቻ።

መዝሙር 40ን አስቀድማችሁ አንብቡ

በግዕዙ አቆጣጠር 39 ነው። ዳዊት የራሱን ለውጥ በስንት ነገር እንደተናገረ ቁጠሩ፦ ጉድጓድ፣ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ እግር፣ አረማመድ። ሁሉም የሚረገጥ ወይም የሚራመድ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ ዝማሬ በአፉ የተጨመረለት። አዲሱ መዝሙር ከእግሩ በኋላ መጣ።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ጭቃው አንድ ቁጥር እንኳን አይሞላም። እኛ ዘንድ ምስክርነት ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ በተቃራኒው ነው። ሰውየው ስለ መጠጥ ቤቱ፣ ስለ ጸቡ፣ ስለ ሌሊቱ ዘርዝሮ ይናገራል፤ ጉባኤውም ነቅቶ ይሰማል። ጌታ የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ "ወንድሜ ሰዓት አልቋል" ይባላል። ይህ ልማድ ወደ መዝሙር ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች ጭቃ ብቻ ይሆናሉ። ስፌት ላይ እንደማደርገው ትርፉን እቆርጣለሁ። የድሮው ሕይወት ሁለት ስንኝ ይበቃዋል፤ አራት ከሆነ በዛ።

ከሁሉ በላይ ግን መዝሙሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሰው ሦስተኛው ቁጥር ላይ ይቆማል፤ ደስ የሚለው እዚያ ስለሚያልቅ። ቁጥር 12 ላይ ያው ሰው ስፍር ቁጥር የሌለው ክፉ ነገር ከቦታል፤ ኃጢአቱ ከራሱ ጠጉር በዝቷል። መጨረሻው "አምላኬ ሆይ፣ አትዘግይ" የሚል ልመና ነው። ይህ የመጨረሻው ክፍል መዝሙር 70 ላይ ለብቻው፣ ቃሉ ብዙም ሳይለወጥ እንደገና ይገኛል። ከጭቃ የወጣ ሰው አሁንም እርዳታ ይጠራል። የኛ የለውጥ መዝሙሮች ይህን ጨርሰው ዘንግተውታል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ስንኙን ማሰናዳት

መጀመሪያ ታሪኩን ዝም ብላችሁ ጻፉት፣ ለጓደኛ እንደምታወሩት። ቤት አትምቱ። ከዚያ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሳታስቡት ያመለጣችሁን ሐረግ ፈልጉ። የልጁ ሐረግ "ዝርዝር የለም" የሚለው ነበር። ሲያወራኝ ደጋግሞ አለው፤ ግጥሙ ውስጥ ግን አንድም ቦታ አልነበረም። አንድ ወረቀት አወጣሁና መጀመሪያው መስመር ላይ እሱን ጻፍኩ።

የመዝሙር ግጥም ብዙ ጊዜ የሚመቸው በየወል ቤት ነው። በአንድ ስንኝ ስድስት ቀለም (ስትናገሩት የሚሰማ አንድ አንድ ድምፅ)፣ ትንፋሽ፣ እንደገና ስድስት ቀለም። ፊደል አትቁጠሩ፤ ሳድስ ፊደል ብዙ ጊዜ ከጎኑ ካለው ጋር ተውጦ ይነገራል። ጠረጴዛ እየመታችሁ ድምፁን ቁጠሩ። ከልጁ ጋር ተቀምጠን፣ መልሰን መላልሰን፣ እዚህ ደረስን፦

ዝርዝር የለም ብዬ፣ ኪሴ እየሞላ፣
ስንቱን ሰው ሸኘሁት፣ ሳንቲሙን ስበላ።

የእማማን መልስ ይዤ፣ በሩጫ ደረስኩ፣
ማን እንደላከኝም፣ ለሳቸው ነገርኩ።

"ኃጢአት" የሚል ቃል የለበትም። "ንስሐ" የሚልም የለበትም። ሁለቱም ግን አሉ። ልጁ "ኢየሱስ የሚለው ስም የታለ?" ብሎ ተጨንቆ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው። ስሙ አዝማቹ ላይ፣ ካልሆነም ሲዘመር መግቢያው ላይ መምጣት አለበት። ስሙ የሌለበትን መዝሙር የኛ ሽማግሌዎች አያሳልፉም፤ እኔም አላሳልፍም። ነገር ግን በየስንኙ ስሙን ለቤት መምቻ ወይም ለቀለም መሙያ ማስገባት ሌላ ነገር ነው። ስድስት ቀለም ሲጎድላችሁ "ጌታዬ ኢየሱስ" ብላችሁ አትሙሉት። ክፍተት ሲኖር የምትሉት ነገር አላለቀም ማለት ነው።

ቤት ለመምታት ብላችሁም አትዋሹ። ልጁ "ሁለት ብር" ያለውን "ሁለት መቶ" እንድናደርገው ፈልጎ ነበር፤ ዜማው ላይ ይሻላል ብሎ። ምስክርነት ነው፤ ሁለት ብር ከሆነ ሁለት ብር ነው። በመጨረሻ ቁጥሩን ጭራሽ አወጣነው።

አዝማቹ የሌላ ሰው ነው

አንጓው የእናንተ ነው። አዝማቹ ግን የጉባኤው ነው። ከኋላ የተቀመጡት እናት ታክሲ ረዳት ሆነው አያውቁም፤ የደበቁት ነገር ግን አላቸው። ስለዚህ አዝማቹ ላይ ኪሱን ትተን የተደበቀውን ነገር ያዝን፦

የደበቅኩት ሁሉ፣ በፊትህ ይታያል፤
ምሕረትህ ግን ቀድሞ፣ ደጄ ላይ ይቆማል።

ከዚህ በላይ በዝርዝር ከጻፋችሁት የሚዘምረው ልጁ ብቻ ይሆናል። ከዚህ በላይ ካሰፋችሁት ደግሞ ወደ "ጨለማና ብርሃን" ትመለሳላችሁ። ልኩን ለማግኘት አንድ መንገድ አለ። አዝማቹን ታሪካችሁን ለማያውቅ ሰው አሰሙትና "ይሄ አንተ ጋ ምን ያስታውስሃል?" በሉት። የራሱን ነገር ካነሳ ደህና ነው።

ተስፋዬ ጋቢሶ በደርግ ዘመን ስለ እምነቱ ለዓመታት ታስሯል፤ እስር ቤት ሆኖም መዝሙር ጽፏል። እነዚያን መዝሙሮች ዛሬ በር ተዘግቶበት የማያውቅ ወጣት የራሱ አድርጎ ይዘምራቸዋል። የእኔ ትውልድ በካሴት ነው የሰማቸው፤ ካሴቱ እስኪላላ ድረስ።

አዝማች ላይ አንድ ወጥመድ አለ። "አንተ" የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ ዘፈንም "አንተ" ይላል፣ መዝሙርም "አንተ" ይላል። "ያላንተ አልኖርም፣ ናፍቀኸኛል፣ ና" ብቻ የሚል አዝማች ለፍቅረኛም ይሆናል። ግጥሙን ስጨርስ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፦ ይሄን ለሰርግ ማታ ሙሽራው ለሙሽሪት ሊዘፍነው ይችላል? ከቻለ እንደገና እንጽፈዋለን።

ከዘፈን ወደ መዝሙር የመጡት አንጋፋዎች ይህን ከማናችንም በላይ የሚያውቁት ይመስለኛል። በ2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ያረፈው ሙሉቀን መለሰ ስሙ ገንኖ ሳለ ዘፈን ትቶ ዘማሪ ሆነ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣችው ሂሩት በቀለም፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፈችው፣ እንዲሁ። ድምፃቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ሂሩት ስትዘምር ያው የምናውቃት ሂሩት ናት። የተለወጠው የሚዘመርለት ነው። አንዳንድ ልጆች ከዳኑ በኋላ ድምፃቸውን ጭምር መለወጥ ያለባቸው ይመስላቸዋል። ታዋቂ ዘማሪ አስመስለው ያንቀጠቅጡታል። ተዉት። እግዚአብሔር ያዳነው በዚያኛው ድምፅ የሚናገረውን ሰው ነው።

ሦስተኛው አንጓ

ወደ መዝሙር 40 መጨረሻ እንመለስ።

ልጁ ሁለት አንጓና አዝማች ይዞ "አለቀ እትዬ" አለኝ። አላለቀም። እንደዚያ ከተወነው የሚሰማው ሰው ረዳቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ መልአክ ሆነ ብሎ ነው የሚያስበው። "አሁንስ? አሁን ምንም አይፈትንህም?" አልኩት። ጥያቄውን አልወደደውም። ቆይቶ ግን "እጄ ያውቀዋል" አለ። በዚያው ጻፍነው፦

ዛሬም እጄ ያውቃል፣ የድሮውን መንገድ፣
ያዘው እንጂ ጌታ፣ ብቻውን እንዳይሄድ።

በእኔ ግምት ከመዝሙሩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ከእኔ አልመጣም፤ ከአፉ ነው የወሰድኩት።

ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን "አስደናቂ ጸጋ" የሚለውን መዝሙር የጻፈው እንግሊዛዊ፣ ጆን ኒውተን፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በፈረንጆቹ 1748 መርከቡ በማዕበል ልትሰጥም ስትል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ። ሰው ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ላይ ይጨርሰዋል፦ ጮኸ፣ ዳነ፣ መዝሙር ጻፈ። እውነታው እንደዚያ አይደለም። ከዚያ ማዕበል በኋላ ባሪያ የሚያመላልሱ መርከቦች ካፒቴን ሆኖ ሠርቷል፤ ባሕሩን የተወው 1754 ላይ ነው፣ እሱም ጤና አጥቶ። ቄስ ሆኖ ኦልኒ በምትባል ከተማ ሲያገለግል ግጥሙን ለ1773 የአዲስ ዓመት ስብከት አዘጋጀው፤ የታተመው 1779 ነው። የባሪያ ንግድን በአደባባይ የሚያወግዝ ጽሑፍ ያወጣው ደግሞ 1788 ላይ ነው። ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ "እንግዲያው ግብዝ ነበር" ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ለውጡ ረጅም ነበር፤ ግጥሙም የተጻፈው በመሃል ላይ ነው። ደግሞ ግጥሙ ውስጥ መርከብ የሚል ቃል የለም። ስለ ብዙ አደጋና ወጥመድ ይናገራል፣ ጸጋ እስከዚህ እንዳደረሰው ይናገራል፣ ገና ወደ ቤት እንደሚያደርሰው ተስፋ ያደርጋል። ጨርሻለሁ አይልም። እናንተም ከዳናችሁ ሦስት ወር ከሆናችሁ የሦስት ወር መዝሙር ጻፉ። የሠላሳ ዓመቱን አሁን አትጻፉት።

ሦስተኛውን አንጓ ለማግኘት የሚረዳ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከድሮው ነገር ዛሬም ሰውነታችሁ የሚያስታውሰው ምንድን ነው? መልሱን በጸሎት መልክ ጻፉት። ሁለተኛው አንጓ ላይ "አደረግህልኝ" የነበረው እዚህ "አድርግልኝ" ይሆናል።

ዜማው

አብዛኞቻችን ስለ ድሮ ስንጽፍ እጃችን ወደ ትዝታ ቅኝት ይሄዳል። ተጠንቀቁ። ትዝታ ያለፈውን ያስናፍቃል። ስለ ድሮው ኃጢአታችሁ በሚያምር ትዝታ ስትዘምሩ ጉባኤው ወደዚያ ልትመለሱ የፈለጋችሁ ሊመስለው ይችላል። አንድ ልጅ ስለተወው ጫት እንዲህ ዘምሮ፣ ሲጨርስ ጫቱ አሳዘነኝ።

ትዝታን ከወደዳችሁት ግን በውስጡ ለውጥ ማሳየት ይቻላል። ኪቦርድ ላይ ከሲ ብትነሱ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ኢንና ኤን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ስታደርጓቸው ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሁለት ቁልፍ ብቻ ነው የሚለያያቸው። የመጀመሪያውን አንጓ በማይነር ጀምሩና አዝማቹ ላይ ሁለቱን ድምፆች መልሳችሁ ከፍ አድርጓቸው። ሰው ምን እንደተደረገ አያውቅም፤ ፊቱ ግን ይፈታል። ሦስተኛው አንጓ ላይ ወደ ማይነር መመለስ አለመመለስ የእናንተ ምርጫ ነው። እኔ አልመልሰውም። ልመናው በተከፈተው ድምፅ ላይ ሲሆን ተስፋ አለው።

ባቲም አለ፣ አምባሰልም አለ። አንቺ ሆዬ ለጀማሪ አይመከርም፤ ጉባኤው ይጠፋበታል።

ስለ ምት ብዙ አልልም። ችክችካ ሰውን ከወንበር ያስነሳል፤ ለምስጋና ይሆናል። ኃጢአቱን እየተናዘዘ ትከሻ የሚመታ ሰው ግን አያምርብኝም። ልጁ ችክችካ ካልሆነ ብሎ ተሟገተኝ፤ "እትዬ፣ ሩጫ እኮ ነው" አለኝ። አሸነፈኝ። አዝማቹ ግን ዝግ ብሎ ነው።

የድምፁ ስፋት ከአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ፣ ብዙም አይውጣ። ለመድረክ የምትጽፉ ከሆነ እንደፈለጋችሁ። ጉባኤው አብሮ እንዲዘምር ከፈለጋችሁ ግን አዝማቹን ማለዳ ላይ፣ ሻይ ሳትጠጡ ዘምሩት። በዚያ ድምፅ ከወጣላችሁ ለሁሉም ይወጣል።

በታሪኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች

ምስክርነት ውስጥ እናንተ ብቻ አይደላችሁም። የጠጣው አባት፣ የሄደችው ሚስት፣ የተጣላችሁት ጎረቤት አለ። እነሱ መድረክ ላይ ወጥተው የራሳቸውን አያወሩም። ስለዚህ መዝሙሩ ከመሰማቱ በፊት አስነብቧቸው።

እኔ ከእህቴ ጋር በእናታችን ቤት ምክንያት ተኳርፈን ነበር። ስንታረቅ ስለዚያ መዝሙር ጻፍኩ፣ ስልክ ደውዬም አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ቤቱን አውጪው፣ የቀረው ደህና ነው" አለችኝ። አወጣሁት። የነበረው ስንኝ ከተተካው የተሻለ ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል። ግን እህቴ ስትሰማው አብራኝ ትዘምራለች።

በሕይወት የሌለ ሰው ከሆነስ? ልጆቹን አስቡ። የበደላችሁ ሰው ከሆነ ደግሞ በደሉን መናገር መብታችሁ ነው፤ ማንነቱን ግን ሳትጠቁሙ መናገር ይቻላል። መድረክ ላይ ሆኖ ሰውን መውቀስ ጥሩ መዝሙር አይወጣውም፤ ሰሚው ወዲያው ፍርድ ቤት ውስጥ ይገባል።

ከመዘመሩ በፊትና በኋላ

የመጀመሪያው ሰሚ ድሮ የሚያውቃችሁ ሰው ይሁን። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻችሁ "አሜን፣ ተባረክ" ነው የሚሏችሁ፤ ደስ ይላል፣ ለሥራው ግን አይረዳም። ልጁ ሄዶ ለሹፌሩ አሰማው። ሹፌሩ አማኝ አይደለም። እስከ መጨረሻው ሰምቶ "ሁለተኛው ላይ ጥሩምባዬን ረሳኸው" አለው አሉ። ጥሩምባውን ልናስገባ ሞክረን ነበር፤ ስድስቱ ቀለም ላይ አልገባ አለ።

ከዚያ ግጥሙን ለመጋቢው ወይም ለመዝሙር ክፍሉ ስጡ። ትምህርተ ሃይማኖቱን ያዩላችኋል። ተዋሕዶ የሆናችሁ አንባቢዎች ሰንበት ትምህርት ቤታችሁ የራሱ ሥርዓት አለውና በዚያ ሂዱ። ዜማው ላይ የጻፍኩት ለእናንተ አይሆንም፤ እናንተ ከቅዱስ ያሬድ የመጣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ አላችሁ። ግጥሙ ላይ የጻፍኩት ግን ይሠራል ብዬ አስባለሁ።

ስቱዲዮ ለመግባት አትቸኩሉ። ቢያንስ ጉባኤው ሳያይ እስኪዘምረው ድረስ ቤት ውስጥ ይሰንብት። ስትዘምሩት የማይመች ቃል ራሱ ይወድቃል። ቪዲዮ ክሊፑን ጭራሽ እርሱት፤ ገንዘባችሁን ይበላል፣ ነጭ ልብስና የሐይቅ ዳር ነው ትርፉ።

ስቱዲዮ ስትገቡ ደግሞ አቀናባሪው ሰዓቱን ያይና "ይረዝማል፣ ሦስተኛውን እንቁረጠው" ይላችኋል። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። መቁረጥ የግድ ከሆነ የመጀመሪያውን ይቁረጥ።